«ወራጅ አለ!»፦ በሕዝብ ማመላለሻ ብቻን አገር ስለ ማየት



ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከግራር በቀር ምንም ከማይታይበት ሜዳ ስንደርስ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ወራጅ አለ!» አለች። በመስኮት ተመለከትኩ። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ምልክት የለም። አውቶቡሱ ጥጉን ይዞ ቆመ። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ አንድ ማዳበሪያ እህልና አንድ ባዶ ጀሪካን አወረደላት። ሴትየዋ እህሉን በጀርባዋ አዝላ፣ ጀሪካኑን በእጇ አንጠልጥላ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ይዛ በግራሮቹ መካከል ገባች። እኛም ሄድን።

ጂኦግራፊ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬአለሁ። ስምጥ ሸለቆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩት አልቆጥረውም። ያቺን ቀጭን መንገድ ግን በየትኛውም ካርታ ላይ አላገኘኋትም። ለእኔ ባዶ ሜዳ የመሰለኝ ስፍራ ለእርሷ የቤቷ ደጃፍ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአውቶቡስ ስጓዝ ዓይኔ ተራራው ላይ ብቻ አያርፍም፤ ማን የት እንደሚወርድም ይከታተላል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። የጉብኝት መኪና የሚቆመው ጥሩ ዕይታ ካለበት ነው፤ አውቶቡስ የሚቆመው ሰው ካለበት ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት መንገደኞች በአንድ አስፋልት አልፈው ሁለት የተለያየ አገር አይተው ይመለሳሉ። አንደኛው ሐይቁን ያያል። ሌላው ደግሞ በሐይቁ ዳር ምን እንደሚበቅል፣ የበቀለውን ማን ተሸክሞ ወዴት እንደሚወስደው፣ ሲሸጥም ስንት እንደሚያወጣ ጭምር ያያል። እኔ ሁለተኛውን አገር እወዳለሁ። እናንተም እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ከተቻለ ደግሞ ብቻችሁን።

«ብቻሽን?» ትሉኛላችሁ። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው መንገድ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ፣ ለንግድ ወይም ለሥራ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል አላቸው፤ ወዴት ነሽ፣ ዘመድ አለሽ ወይ፣ ለሥራ ነው ወይ። «አገር ለማየት ነው» ስል በሰዎች ፊት ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ሐዘኔታ አነባለሁ። ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ አንዲት እናት ትንሽ ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ ሰው የለሽም እንዴ?» አሉኝና ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ። ሰው እንዳለኝ ነገርኳቸው። ዳቦውንም በላሁት።

አያቶቻችን ግን ብቸኛ መንገደኛን በደንብ ያውቁት ነበር። ቀን የመሸበት ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀመስለታል። አሥር ሆኖ የመጣ ጭፍራ ነው፤ ቤተሰቡ ይፈራዋል። ብቻውን የመጣ ግን እንግዳ ይሆናል። ይህ ሥርዓት በከተማ ተረስቷል ብንል ልክ ነው፤ በአገር አቋራጭ መኪና ወንበር ላይ ግን አሁንም አለ። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ሲጓዙ ቀኑን ሙሉ ጥለውት ስለ መጡት ቤታቸው፣ ስለ መሥሪያ ቤታቸው፣ ስለሚያውቁት ሰው ያወራሉ፤ ማንም ጣልቃ አይገባባቸውም። ብቻዋን የተቀመጠችውን ግን ጎረቤቷ ዝም ብሎ አያሳልፋትም። ዳቦ ይቆርስላታል፣ ልጁን ያሳቅፋታል፣ ስለ ከብቱ በሽታ ያጫውታታል፣ የሚወርድበት ሲደርስም «በይ ደህና ግቢ» ይላታል።

እኔ ይህን የተማርኩት አስቤበት አይደለም። ተመርቄ የምደባ ዕጣዬ ሆሳዕና አካባቢ ሲወጣ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም ነበር። የብረት ሣጥኔ ከላይ ተጭኖ፣ እኔ ከታች በሁለት ነጋዴዎች መካከል ተቀምጬ፣ መንገዱን ግማሽ ያህል በእንባ ነው ያሳለፍኩት። አንደኛው ነጋዴ ለምን እንደማለቅስ ሳይጠይቀኝ፣ በመስኮት እያሳየኝ የየመንደሩን ስም ይነግረኝ ጀመር። ይኼ እንትን ነው፣ እዚህ ገበያው ሐሙስ ነው፣ እዚህ ውኃ ይቸግራል፣ ከዚህ ጀምሮ እንሰት ነው። ሆሳዕና ስንደርስ አገሩን ገና ሳልረግጠው ትንሽ አውቀው ነበር። እስከ ዛሬ በክፍል ውስጥ ሳስተምር የምከተለው የዚያን ሰው ዘዴ ነው።

ወደ መናኸሪያው እንግባ። ሰዓቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ተራ አስከባሪው የከተማ ስም እየደጋገመ ይጣራል፤ ሻይና ብስኩት የያዙ ልጆች በመኪኖቹ መካከል ይሹለከለካሉ። እዚህ ያሉት ቃላት ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላ፣ ሹፌሩ የሚቀመጥበት ጋቢና፣ ወላጆቻችን አውቶቡስን ይጠሩበት የነበረው ሎንቺና፣ ሦስቱም ከጣሊያንኛ የተረፉ ናቸው። ቅጥቅጥ ግን የራሳችን ቃል ነው። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ አገር ውስጥ በቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ስለተሠራ እንዲህ ተባለ። ይህን ስም በጣም እወደዋለሁ፤ የሠራተኛው የመዶሻ ድምፅ በውስጡ ይሰማል።

አገር ለማየት የወጣ ሰው ቅጥቅጥን ይምረጥ እላለሁ። ትልቁ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይሮጣል። ሚኒባሱ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። ቅጥቅጥ ግን በየመንደሩ ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ወንበሩም ከፍ ያለ ስለሆነ ከአጥር በላይ ያሳያል። ሲሞላ ነው የሚወጣው፤ ይህ ብዙ ሰው ያማርራል። እኔ ግን መኪናው እስኪሞላ የምጠብቅበትን ሰዓት እንደ ጉዞው ክፍል ነው የምቆጥረው። ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚጫን እያያችሁ ተቀመጡ። ወደ ገጠር ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና የትምህርት ቤት ደብተር ይሄዳል፤ ከገጠር ቅቤ፣ ቆጮ፣ በርበሬ፣ ዶሮና ሙዝ ይመጣል። የአንድ አካባቢን ኢኮኖሚ በአንድ ጣሪያ ላይ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ መጽሐፍ አላየሁም።

ሌላው ምክሬ መንገዱን እንድትቆራርጡት ነው። አዲስ አበባ ላይ ለአርባ ምንጭ የሚሆን አንድ ትኬት አትቁረጡ። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነቃ ደርሷል። ለቡታጅራ ቁረጡ፤ እዚያ ውረዱ፣ ምሳ ብሉ፣ ከተማውን በእግር ዙሩ፣ ሌላ መኪና ፈልጋችሁ ወደ ሆሳዕና ቀጥሉ፣ እደሩ፣ ከዚያ ሶዶ። መኪና በለወጣችሁ ቁጥር በአጠገባችሁ የሚነገረው ቋንቋ ይለወጣል፤ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ፣ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ። ይህን ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከወንበራችሁ ብዙም ሳትነሡ ትሰማላችሁ።

ከአለም ገና ወጥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው ይህ መንገድ ገና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይሄድ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ይሻገራል። ብዙ ተሳፋሪ እዚያ ድልድይ ላይ ስልኩን ያያል። ከድልድዩ አጠገብ ግን ሰዎች ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የድንጋይ መሣሪያ ሠርተው ጥለውበታል፤ ባልጪት ከሚባለው ሥፍራ ጥቁሩን ባልጩት እያመጡ ጠርበዋል። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትንሽ ቆይቶ ጢያ ይመጣል። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ አብዛኞቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው። ከመኪና ወርዳችሁ በእግር የምትደርሱበት ቦታ ነው። እኔ ስደርስ ከአንድ ጠባቂና በሣሩ ላይ ከምትግጥ በግ በቀር ማንም አልነበረም። የሰይፎቹን ቁጥር ድንጋይ በድንጋይ እየቆጠርኩ አንድ ሰዓት ቆየሁ። በቡድን መጥቼ ቢሆን ኖሮ በሃያ ደቂቃ ውስጥ «እንሂድ» ይሉኝ ነበር።

ከጢያ በኋላ በቀኝ የጉራጌ ተራሮች እንደ ግድግዳ ይቆማሉ፤ በግራ ሜዳው ወደ ስምጥ ሸለቆ ይዘረጋል። ማረቆ በርበሬው የታወቀ አገር ነው፤ በወቅቱ ካለፋችሁ ቀዩ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ታያላችሁ፤ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ሽታውም ይገባል። መስኮቱ ክፍት ከሆነ አልኩ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የማይሆን ነገር ነው። ተሳፋሪዎቻችን ብርድ እንዳይመታቸው መስኮት መዝጋት ይወዳሉ። ሕፃን ልጅ የያዘችን እናት አልቃወምም። ግን አንድ ጣት ያህል እንድትከፈትልኝ በትሕትና ጠይቄ የተከለከልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። አገር በዓይን ብቻ አይታይም፤ ከእርጥብ አፈር ወደ ጭስ፣ ከጭስ ወደ በርበሬ፣ ከበርበሬ ወደ ባሕር ዛፍ የሚቀያየረው ሽታ ከፍታውን ያለ መሣሪያ ይነግራችኋል።

ከቡታጅራ ብዙም ሳይርቅ ሐረ ሸይጣን የሚባለው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ። ስለ እርሱ ብዙ ስለተነገረ እኔ ስለ እንሰት ላውራ።

እንሰትን ከመስኮት ማንበብ ተማሩ። ከሩቅ ሙዝ ይመስላል፤ ግን ፍሬው አይበላም። የሚበላው ከግንዱና ከሥሩ ነው፤ ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮ፣ ቦክቶ ቆጮ ይሆናል። ቢያንስ 15 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን በዚህ ተክል ይኖራሉ። አሁን ከመኪናው ሆናችሁ እዩ፤ እንሰት ከቤቱ ጀርባ ይጀምራል፣ ቤቱን ያቅፈዋል። ትልልቁና ያረጀው የት እንዳለ፣ ችግኙ የት እንደተተከለ ተመልከቱ። ትልቅ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ ሕፃኑም፣ ጎረምሳውም፣ ሽማግሌውም እንሰት አብሮ ከታየ ያ ቤት ለሚቀጥሉት ዓመታት ምግቡን አስቀምጧል ማለት ነው። ጓሮው ሁሉ ችግኝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ትልልቁ ተበልቶ አልቋል፤ ባለፈው ጊዜ ክፉ ዓመት ነበር። ይህን ያስተማሩኝ ወደ ሆሳዕና አብረውኝ የተጓዙ አንድ አባት ናቸው። እየሄድን እያለ አንድ ጓሮ አሳይተውኝ «እነዚህ ተቸግረው ነበር፤ አሁን ተነሥተዋል» አሉኝ። ቤቱን አያውቁትም፤ እንሰቱን ግን አነበቡት። ከዚያ በኋላ ያ አረንጓዴ ገጽታ ለእኔ ውብ መልክዓ ምድር ብቻ መሆኑ ቀረ። እያንዳንዱ ጓሮ የአንድ ቤተሰብ የቁጠባ ደብተር ሆኖ ታየኝ።

ከሆሳዕና ቀጥዬ ሶዶ ገብቼ አደርኩ። ከዳሞት ተራራ ሥር ያለች፣ ወሬና ንግድ የሞላባት ከተማ ናት፤ የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና በ1894 እ.ኤ.አ. በምኒልክ ጦር እስከ ተሸነፉ ድረስ ይህ አገር የራሱ መንግሥት ነበረው። ማታ በልቼ ተኛሁ፤ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ነበርኩ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ማለትም በሹፌሩ ወገን። መንገዱ ከደጋው ይወርድና ሙቀቱ ፊታችሁን ይመታችኋል፤ ጋቢው ይወልቃል፣ መስኮቱም በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ከዚያ አባያ ይታያል። በአገራችን ከጣና ቀጥሎ ሰፊው ሐይቅ ነው። ውኃው ግን ሰማያዊ አይደለም፤ ቀይ ቡኒ ነው፣ ሻይ በወተት የመሰለ። ብዙ እንግዳ ይህን አይቶ ቅር ይለዋል፤ በፎቶ ያየው ሐይቅ ሌላ ነበርና። ቀለሙ የሚመጣው በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ከሚቀር ደቃቅ አፈር ነው። አፈሩን ከሚያመጡት ወንዞች ዋነኛው ብላቴ ነው፤ ብላቴ ደግሞ የሚነሣው ከጉራጌና ከሐዲያ ደጋ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ትናንት ሆሳዕና አካባቢ በመስኮት ያየሁት ቀይ አፈር፣ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው፣ ዛሬ እዚህ ሐይቅ ሆኖ ጠበቀኝ። በአውሮፕላን ብመጣ ይህ ቀይ ሐይቅ ብቻ ይሆንብኝ ነበር። በመኪና እየቆራረጥኩ ስለመጣሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በዚያ ጠዋት ስለ አፈር መሸርሸር በክፍል ውስጥ የተናገርኩት ሁሉ እንደ አዲስ አሳዘነኝ፤ የማን እርሻ እንደሆነ አሁን ማወቅ ጀምሬ ነበርና።

በዚሁ መንገድ ላይ ጎማ ተበሳብን። ተለዋጭ ጎማው ራሱ ነፍስ አልነበረውም፤ ረዳቱ በሚያልፍ ባጃጅ ተሳፍሮ ለማስጠገን ሄደ። ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ቢያናድድም፣ ትራንስፖርታችን ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ ይገባዋል ብዬ ባምንም፣ የዚያን ቀን ጥላ ሥር የተቀመጥነውን ሰዎች አልረሳቸውም። አንዱ ከሙዝ እርሻ ሙዝ ገዝቶ ለሁላችን አደለ። አንዲት ነርስ ለአንድ ሕፃን ትኩሳት መድኃኒት ሰጠች። ሁለት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተናቸውን እኔ ላይ ተለማመዱ። የአርባ ምንጭ ሙዝ አዲስ አበባ ደርሶ የሚሸጥበትን ዋጋና እዚህ ገበሬው የሚያገኘውን ዋጋ ያወዳደረልኝ ሰውም ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ስሰማ ዝም አልኩ። ጎማው ተጠግኖ ስንነሣ ሁላችንም ስማችንን ተዋውቀን ነበር።

አሁን ስለ አስቸጋሪው ነገር ልናገር፤ በተለይ ብቻቸውን ለሚጓዙ ሴቶች። አደጋ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። ከመምሸቱ በፊት ግቡ፤ ይህ ሕጌ ነው፣ ለማንም ብዬ አላጥፈውም። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። ሰላም አይደለም ካሏችሁ ቅሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም። የመኪናውን የታርጋ ቁጥር ለቤተሰብ ላኩ። ልጅ ከያዘች እናት ወይም ከአሮጊት አጠገብ ተቀመጡ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ጎረቤታችሁን «እዚህ ድረስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰው እውነቱን ይነግራችኋል፣ ረዳቱም ሲሰማ ትክክለኛውን ይቀበላል። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ።

ሹፌሩ ከሚገባው በላይ ትርፍ ሰው ሲጭን ግን ዝም አትበሉ። እኔ ወጣት ሳለሁ ዝም እል ነበር፤ አሁን አልልም። «ልጄ፣ ይበቃል» እላለሁ፤ አንድ ሰው ሲጀምር ሌላውም ይደግፋል። አንድ ጊዜ ሰሚ በማጣቴ መንገድ ላይ ወርጃለሁ። ለብቻዬ የወረድኩ መስሎኝ ነበር፤ ዘወር ስል ከኋላዬ አራት ሰው ወርዶ አገኘሁ።

ደግሞም በየመናኸሪያው ለሴት የሚሆን ንጹሕ መጸዳጃ ይኑር። ይህን የምለው ስለ ቱሪስት አይደለም። በየቀኑ ቅቤ ይዘው ለሚመላለሱት እናቶች ነው። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ የምቸገረውን እነርሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቸገሩበታል።

አርባ ምንጭ ደርሼ፣ አርባ ናቸው የሚባሉትን ምንጮች አይቼ፣ ከላይ ሆኜ አባያንና ጫሞን የሚለየውን የእግዜር ድልድይ ተመልክቼ፣ ቆሮሶ ዓሣ በልቼ አደርኩ። በማግስቱ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና ያዝኩ።

ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብዬ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ስለዚህ በዚህች አጭር መንገድ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ይጠፋል። በሰሌዳ ላይ ቁጥር ነው። በመኪናው ውስጥ ግን ይህ ሆነ፦ ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን ተነሣን፤ ወደ ግራ ታጥፎ ዳገቱ ሲጀመር አንዲት ልጅ ነጠላዋን ሳበች፤ ሙዙና ማንጎው ከኋላ ቀረ፤ ጭጋግ መጣ፤ ከዚያ እንሰት፣ ቀርከሃና ገብስ። ዶርዜ ስንደርስ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቧል። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ክፍል የለም፤ ክፍያውም የአንድ መኪና ሒሳብ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት አባት ሸማኔ ነበሩ። ሽሮ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ሸምነው፣ አሁን ለበዓል ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። አባባ፣ አዲስ አበባ ናፍቆዎት አያውቅም ወይ አልኳቸው። «እዚያ ሆኜ እዚህ ይናፍቀኛል፤ እዚህ ሆኜ ድምፁ ይናፍቀኛል» አሉኝ። የመወርወሪያውን ድምፅ ማለታቸው ነበር፤ ሽሮ ሜዳ ብዙ ሸማኔ አንድ ላይ ስለሚሠራ ድምፁ እንደ ዝናብ ነው አሉ። ከዚያ በመስኮት ወደ ታች ጠቁመው፣ ጥጡ ከቆላው ወጥቶ፣ በሴቶች እጅ ተፈትሎ፣ በወንዶች እጅ ተሸምኖ እንዴት እንደገና እንደሚወርድ ነገሩኝ። እኛ የምንወጣበት መንገድ የጥጥ መንገድ ነበር ማለት ነው። የለበስኩትን ነጠላ ጥለት በጣታቸው ዳሰው የየትኛው ሠፈር ሥራ እንደሆነ ነገሩኝ። ሲወርዱ የተቀበሏቸው የልጅ ልጆቻቸው ዕቃቸውን እየተሻሙ ወሰዱ።

የዶርዜን ቤት ሁላችሁም በሥዕል አይታችሁታል። ከቀርከሃ ይጠለፋል፤ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ከፊት ለፊት የዝሆን ራስ ይመስላል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ በየዓመቱ ዝቅ ይላል። የተበላውን ቆርጠው ይጥሉለታል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤቶች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ረጅም፣ መካከለኛና አጭር ቤት ስታዩ ዕድሜያቸውን በቁመታቸው ታውቁታላችሁ። ልክ እንደ እንሰቱ። ይህ የመጣልኝ እዚያ ግቢ ቆሜ ነው፤ በዚህ አገር ሰው ጊዜን በቁመት ይጽፋል አልኩ፤ እንሰቱ እያደገ፣ ቤቱ እያጠረ።

ከጨንቻ ስመለስ በአርባ ምንጭ አድሬ ወደ ሶዶ ጉዞ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ሐይቁ በቀኝ ነበር። ግራሮቹ ጋ ስንቃረብ ልቤ መምታት ጀመረ፤ ያቺን ቦታ አውቃታለሁ ብዬ አላመንኩም ነበር፤ ግን አወቅኋት። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ዘወር ብሎ «እዚህ? እናቴ፣ እዚህ ምን አለሽ?» አለኝ። ቦርሳዬን አወረደልኝ፤ መኪናው ሄደ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ቆምኩ።

ቀጭኗ መንገድ እዚያው ነበረች። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ የውኃ ቧንቧ አገኘሁ፤ ጀሪካኖች ተሰልፈውበታል። ከዚያ የማንጎ ዛፍ፣ ከዚያ ቤቶች፣ ከዚያ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ጀሪካን የያዘችውን ሴት አላገኘኋትም፤ ፊቷንም በደንብ አላስታውሰውም። ልጆቹ ከበቡኝ። አንዲት ወጣት መምህርት ከክፍል ወጥታ ሰላም አለችኝ፤ ዕጣ አውጥታ ነው የመጣችው፣ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቡና አፈላችልኝ። ማልቀስ ያቆምሽው መቼ ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ ሳቀችና «በሦስተኛው ሳምንት» አለችኝ።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ወደ አስፋልቱ ተመለስኩ። እጄን ዘረጋሁ፤ አንድ ቅጥቅጥ ቆመ። ረዳቱ ቦርሳዬን እየተቀበለ «ከየት ነው የመጡት?» አለኝ። በጣቴ ወደ ቀጭኗ መንገድ ጠቆምኩ። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ጣቴን ተከትላ አየች። ግራር ብቻ ነበር የሚታያት።